ለዓርብ አጥቢያ

በአባቴ መቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ቀን በአንድ ቀን ይሳሳታል። ድንጋዩ አሥራ አራት ይላል። አባቴ የሞተው ግን አሥራ ሦስት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ስንጠርግ፣ እኔም ቁጥር መቁጠር በተማርኩበት ጣቴ የተቀረጸውን እየተከተልኩ ስጽፍበት፣ አንዳችንም ልብ አላልንም። ልብ ያሉት ዳኛው ናቸው። ያኔ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ፤ ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲጀመር ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ደርሼ የምቆመው እኔ ነኝ። የመብራት ክፍያ፣ የክትባት ቀጠሮ፣ የመታወቂያ እድሳት፣ ሁሉም ቀኑ ሳይደርስ ያልቃል። ባሌ "አንቺ እኮ ለቀብርሽም ቀድመሽ ነው የምትሰለፊው" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ እናቴን በዚያ ችሎት ቆማ አላያትም።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ይሠራ ነበር። የምንኖረው ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ከተደረደሩት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች በአንዱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ዝናብ ሲጥል የቦዩ ውሃ አረፋ ያወጣል፤ እኔ የዓለም ቦይ ሁሉ አረፋ የሚያወጣ ይመስለኝ ነበር።

በሰፈራችን ቀን የሚቆጠረው እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። የሌሊት ፈረቃ የሚጠራው በሚነጋበት ቀን ስም ነው። ሐሙስ ማታ የገባ ሰው "የዓርብ ፈረቃ ነኝ" ይላል። ሐሙስ ማታ ማሽን ጣቱን ቢጨፈልቀው "ዓርብ ተጨፈለቅሁ" ብሎ ነው የሚያወራው። ሚስቶችም፣ ልጆችም፣ ባለሱቁም እንደዚያው ነበሩ። የማታው ፊሽካ አንዴ ከተነፋ በኋላ ያለው ሁሉ የነገ ነበር።

አባቴ ይህን ቀልድ አድርጎት ነበር። ፊሽካው ሊነፋ ሲል የእራት ሳህኑን በብብቱ ይይዝና ደፍ ላይ ቆሞ፣ "በሉ እንግዲህ፣ እኔ ነገ ልገባ ነው። እናንተ ቀስ ብላችሁ ድረሱብኝ" ይለናል።

"ነገ ውስጥ ምን አለ አባዬ?"

"ሳሙና።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ያው ሳሙና ነው። ሄጄ አይቼው ልምጣ።"

"ተው አንተ ሰውዬ!" ትላለች እናቴ። "ልጅቷ እኮ እውነት ይመስላታል።"

እውነት ይመስለኝ ነበር። አጥሩ ማዶ ነገ የሚባል ትልቅ፣ ጭስ የሞላበት ቤት ያለ፣ አባቴም ከሁላችን ቀድሞ እዚያ የሚያድር ይመስለኝ ነበር። ሲነጋ በሩን በትከሻው ገፍቶ ይገባል። አያንኳኳም። ለዚህ ስትል እናቴ የበሩን መቀርቀሪያ ሳትወረውር ነበር የምታድረው፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ብቻ የሚከፈት ነበርና።

ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

የመጣው ጋሽ ፊሽካ ነበር፤ የአባቴ ፈረቃ አለቃ። የፋብሪካው ጡሩምባ ከተበላሸ ወዲህ ሠራተኛውን የሚያስገባውም የሚያስወጣውም በጫማ ክር አንገቱ ላይ ባንጠለጠላት ፊሽካ ስለነበር፣ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም። ደፉ ላይ ቆሞ ፊሽካዋን በመዳፉ ጨብጧል።

"እህቴ፣" አላት እናቴን፣ "በዓርብ ፈረቃ... ልጁ ወድቆብናል። ገንዳው ውስጥ።"

ከዚያ በኋላ ሰው ጮኸ፤ ቤቱ በእግር ተሞላ። እኔ አልጋው ጥግ ተቀምጬ ነገሩን ለራሴ አስረዳሁ። አባቴ ነገ ገብቶ እዚያው ቀርቷል፤ እኛ ገና አልደረስንበትም። ሌሎቹ ይህን ስለማያውቁ ነው የሚያለቅሱት።

ድንጋዩ ሲሠራ ቀራጩ ቀኑን ጠየቀ። እናቴ ያለ ማመንታት ዓርብን ነገረችው፤ አሥራ አራትን። በሰፈራችን ሌላ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ፋብሪካው ሟቹ በራሱ ግዴለሽነት ወደቀ አለ። እናቴን ያንገበገባት ይኸ ነበር። አባቴ በሕይወት እያለ ስለዚያ ገንዳ ብዙ ጊዜ አውርቷል። ከሚፈላው ገንዳ በላይ መተላለፊያ አለ፤ የመተላለፊያው መደገፊያ ብረት ከተነቀለ ቆይቷል፤ በእሱ ፋንታ ገመድ ታስሯል። "ያቺ ገመድ አንድ ቀን ሰው ትበላለች" ይል ነበር ሾርባውን እየማገ። እናቴ እንግዲህ ይህንን አንድ ሰው ጮክ ብሎ እንዲናገርላት ፈለገች። ካሳውንም ትፈልገዋለች፤ ደሃ ነን። ግን ሌሊት ሌሊት ብቻዋን ስታጉረመርም የምሰማት ስለ ካሳ አልነበረም። "ግዴለሽ? እሱ? የእጁን ሰዓት እንኳ ሳያወልቅ የማይታጠበውን ሰውዬ?" ትል ነበር።

ጠበቃዋ ጋ የሄድነው በክረምቱ ነው። ቢሮዋ ከጫማ መደብር በላይ ነበር፤ ደረጃው የቆዳና የማስቲሽ ሽታ አለው። በዕድሜ የገፋች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ነበረች።

"ልጄ፣" አለቻት እናቴን፣ "ሕጉ ሁለት ዓመት ይሰጥሻል። ከዚያ ካለፈ ይርጋ ይባላል።"

"ይርጋ ምንድን ነው እመቤቴ?"

"በር ነው በይው። ሰው ከሞተብሽ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ክፍት ሆኖ ይጠብቅሻል። ከዚያ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ እውነትሽን በሁለት እጅሽ ተሸክመሽ ብታለቅሺ የሚከፍትልሽ የለም።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅሁ፤ በሚገባ ገብቶኝ ነበር። አባቴ ከነገ የሚመለስበት በር ሁለት ዓመት ክፍት ይሆናል። እናቴም ማታ ማታ መቀርቀሪያውን የማትወረውረው ለዚሁ ነው።

"መቼ ነው ያረፈው?" አለች ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አንስታ።

"ዓርብ። በአሥራ አራት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

እናቴ ከወንበሩ ልትነሳ ምንም አልቀራትም። "እመቤቴ፣ ባሌን የነጠቀኝን ቀን ልሳሳት?"

ጠበቃዋ አፍራ አንገቷን ደፋች። ሁለተኛ አልጠየቀችም። ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ጋሽ ፊሽካ ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ይመጣል። ዳቦ ይይዛል፤ ለእኔ ደግሞ ከቅርጽ ማውጫው ተጣሞ የወጣ ሳሙና ያመጣል። እኔ ከሳሙናዎቹ መካከል ዳክዬ የሚመስል፣ ጫማ የሚመስል፣ የፋብሪካውን ዳይሬክተር አፍንጫ የሚመስል እየመረጥኩ መስኮቱ ላይ እደረድራለሁ። እሱ ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ጉልበቱን ገጥሞ ይቀመጣል።

"ታገሺ እህቴ። ጉዳይሽ እየታየ ነው" ይላታል። "ከከሰስሽ ግን ሰዎቹ ይጠነክራሉ። ዛሬ ያዘነልሽ ሁሉ ነገ ጠላት ይሆናል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?"

"ፋብሪካ ንጉሥ ሆነ እንግዲህ?"

"ለእኔና ለአንቺ ሆኗል።"

"እስከ መቼ ነው የምታገሠው ጋሼ?"

"ኃላፊዎቹ ስለ ካሳሽ ስብሰባ አላቸው። ባለቀ ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መጥቼ እነግርሻለሁ።"

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ትሰማለች። እሱ እንደወጣ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ትገባለች።

"ስሚ እንጂ፣ ይኼ ሰውዬ ዳቦ የሚያመላልሰው ለነፍሱ መሰለሽ?"

"ተይ እባክሽ፣ የባሌ አለቃ ነው።"

"አለቃ ወንድ አይደለም እንዴ?"

"አፍሽን ያዢልኝ፣ ልጅ አለች!"

ልጅቱ ሰምታለች። ጋሽ ፊሽካ እናቴን ሊያገባ ነው። "ታገሺ" የሚላትም ለሠርጉ ነው። እኔ ደስ አለኝ፤ አዲስ ጫማ ይገዛልኛል። ያስጨነቀኝ አባቴ ከነገ ሲመለስ የት ይተኛል የሚለው ብቻ ነበር። በርጩማው አጠገብ ያለውን ወለል በእርምጃዬ ለክቼ፣ ፍራሽ ሊያስዘረጋ እንደሚችል አረጋግጬ ዝም አልኩ።

አሁን ሳስበው ሰውዬው የእናቴን ፊት ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚያየው ወለሉን ነበር። ያፈቀረ ሰው ወለል አያይም። ማን "አስታግሣት" እንዳለው፣ ለምን እንዳሉትም ያውቅ እንደሆን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንዳንድ ቀን ሆን ብሎ ነው እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ እሱም እንደ እናቴ ተስፋ የተሰጠው ምስኪን ነው እላለሁ። እንቅልፍ የሚያሳጣኝ ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ጠበቃዋ ራሷ ሰፈራችን ድረስ መጣች። ጫማዋ በአረፋው ጭቃ ተበላሽቶ ነበር።

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

"በዚህ ሳምንት የመጨረሻ ስብሰባ አላቸው እመቤቴ። ከከሰስኩ ሁሉም ይቀራል ብለዋል።"

"ማን ነው ያለው?"

"የባሌ አለቃ።"

ጠበቃዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። "ልጄ፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን መቆየት ገደል አፋፍ ላይ መተኛት ነው። ክሱን ጽፌ አስቀምጬልሻለሁ። አሥራ አራት ጠዋት በሬ ላይ ካላየሁሽ አላውቅሽም።"

በአሥራ ሦስት አመሻሽ ፊሽካው ተነፋ። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ፊሽካ መጣ። ቅዳሜ አልነበረም፤ ዳቦም አልያዘም። አልተቀመጠም።

"አልተስማሙም" አለ። "ሌላ ሳምንት እናየዋለን አሉ።"

"ሌላ ሳምንት የለኝም ጋሼ። የመጨረሻዬ ነገ ነው።"

ፊሽካዋን አንገቱ ላይ ሲያሽከረክራት አየሁት።

"እንግዲያስ ነገ ሂጂ" አላት።

በእኛ አቆጣጠር፣ ፊሽካው ተነፍቶ ስለነበር፣ ያ ሰዓት ራሱ አሥራ አራት ነበር። በሌላው ዓለም አቆጣጠር ግን በሩ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በዚያ ሰዓት ተዘግቷል። ያም ሆኖ እናቴ ቢነገራት ኖሮ ተነስታ በባዶ እግሯ ትሮጥ እንደነበር አውቃለሁ። ዘበኛውን እግሩ ላይ ወድቃ ትለምን ነበር። ማንም አልነገራትም። እሷም እጇን ታጥባ፣ ነገ የምትለብሰውን ቀሚስ ወንበር ላይ ዘርግታ ተኛች።

በማግሥቱ ጠዋት ክሱ ገባ። ጠበቃዋ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ዘወር ብላ "ለጥቂት!" አለች፤ እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዛ እየወዘወዘች፣ "ደረስንበት፣ ደረስንበት" ትለኝ ነበር። እኔ አባቴ ላይ የደረስን መስሎኝ መንገዱን ሁሉ በዓይኔ ስፈልገው ዋልኩ።

ችሎቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ክፍሉ ጣራው ላይ የሻይ እድፍ የሚመስል የዝናብ ምልክት ነበረው። የፋብሪካው ጠበቃ ጉንፋን የያዘው ጨዋ ሰው ነበር፤ በማስነጠሱ መካከል ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። እናቴ ስለ መደገፊያው ብረት የምትናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ስታጠና አድራለች። ከንፈሯ አሁንም ይንቀሳቀስ ነበር።

"ክቡር ዳኛ፣" አለ የፋብሪካው ጠበቃ በመሐረቡ አፍንጫውን እየያዘ፣ "ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት፣ ክሱ የቀረበው ይርጋው ካለፈ በኋላ ስለሆነ እንቃወማለን። አንድ ምስክር አለን።"

ጋሽ ፊሽካ ገባ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፊሽካዋን አውልቆ። ያለ ፊሽካ አይቼው ስለማላውቅ አንገቱ ራቁቱን መሰለኝ። እጄን አውለበለብኩለት። የእኛ ሰው ነበር።

"ሟቹ በየትኛው ቀን ነው የወደቀው?" አሉ ዳኛው።

"በዓርብ ፈረቃ ነው ጌታዬ።"

"ፈረቃው የገባው መቼ ነበር?"

"ማታ።"

"የምን ማታ?"

ጋሽ ፊሽካ ወለሉን አየ። "ለዓርብ አጥቢያ።"

"ምስክር፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ነው ወይስ ከሆነ በኋላ?"

"ገና እንደገባን ነው። ፊሽካውን ከነፋሁ ብዙም አልቆየ። እራታችንን እንኳ አልበላንም።"

"እንግዲያው ሐሙስ ነዋ።"

"በእኛ ዓርብ ነው፣ ክቡር ዳኛ።"

"በእናንተ አልጠየቅሁዎትም። በቀን መቁጠሪያ?"

ጋሽ ፊሽካ እጁን ወደ አንገቱ ላከ፤ ፊሽካዋ አልነበረችም።

"ሐሙስ ነው" አለ። "አሥራ ሦስት።"

ጠበቃችን ዓይኗን ጨፈነች። እናቴ ግን ገና አልገባትም፤ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ዳኛው ጥቂት ጻፉና ቀና አሉ። ሳይጨክኑ፣ እንዲያውም በሐዘኔታ፣ ክሱ አንድ ቀን ዘግይቶ ስለቀረበ መዝገቡ ተዘግቷል አሉ።

"ስለ መደገፊያውስ?" አለች እናቴ ተነስታ።

"እህቴ፣ ወደዚያ መግባት አልችልም።"

"እዚህ ቆሟል እኮ! ያውቀዋል! ገመድ እንደነበር ጠይቁልኝ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ..."

"እህቴ፣ ይቀመጡ።"

"አንድ ቀን እኮ ነው!" ድምጿ ተሰነጠቀ። "በአንድ ቀን ሰው ግዴለሽ ይባላል? ጋሼ፣ ንገሯቸው! ገመድ ነበር በሏቸው!"

ጋሽ ፊሽካ ወለሉን እያየ ቆመ። የፋብሪካው ጠበቃ አስነጠሰና ይቅርታ ጠየቀ። አስተናባሪው የእናቴን ክንድ በቀስታ ይዞ ወደ በሩ መራት፤ እሷ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ትሄድ ነበር። መደገፊያው ብረት በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር በማንም አፍ አልተጠራም። ከዚያ ወዲህም አልተጠራም።

ወደ ቤት ተጓዝን። እኔ መንገዱን ሁሉ እያሰብኩ ነበር። ዳኛው ሐሙስ ነው ብለዋል። ዳኛ አይዋሽም። ሐሙስ ከሆነ አባቴ ነገ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ሳይደርስ ነው የቀረው። ነገ የሚባለው ቤት ውስጥ ማንም አይጠብቀንም። እንዲህ አድርጌ ነው አባቴ መሞቱን ያወቅሁት፤ ከሁሉም ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቼ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መሸት ሲል ከአጥሩ ማዶ ፊሽካው ተነፋ። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን መታ መታ አደረገች፤ "አለሽ?" ማለቷ ነው። ፊሽካው ከተነፋ ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

"እህቴ፣ እኔ ነኝ።"

ተነሳሁ። "እማዬ፣ ጋሽ ፊሽካ ነው።"

"አውቃለሁ።"

በሩ በመግፋት ይከፈት እንደነበር እሱም ያውቃል። አልገፋውም። ደፉ ላይ የወረቀት ኮሽታ ሰማሁ፤ ዳቦ ይዟል።

"እህቴ፣ አልጠየቁኝም እኮ" አለ ከውጭ። ድምፁ ከበሩ ጋር የተጣበቀ ይመስል ነበር። "ስለ ገመዱ ቢጠይቁኝ እናገር ነበር። ያሰርነው አብረን ነው፤ እኔና እሱ። ብረት ስጡን ብለን የሄድነውም አብረን ነው። አልጠየቁኝም። ያልተጠየቅሁትን ምን ብዬ ልናገር? እንጀራዬ ነው። እህቴ?"

እናቴ ብድግ አለች። ልትከፍትለት መስሎኝ ወደ ጎን አልኩ። በሩ ላይ ደርሳ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አኖረች። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ነክቶት የሚያውቅ ስለሌለ ዝጎ ነበር፤ አልንቀሳቀስ አላት። መስኮቱ ላይ ከደረደርኳቸው ሳሙናዎች አንዱን፣ ያን ዳክዬ የሚመስለውን፣ አንስታ ብረቱን ዳር እስከ ዳር ቀባችው።

"እማዬ፣ አባዬስ?" አልኩ። መልሱን እያወቅሁ ነበር የጠየቅሁት።

ወደ እኔ አልዞረችም። በሁለት እጇ ገፋችው። ብረቱ አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ በሳሙናው ላይ ተንሸራቶ ገባ፤ በሩም ለዚያ ሌሊት ተቀረቀረ።